ለሁለት አፍ የማይበቃ ብርጭቆ

የሚስቴ ወንድም ስጦታ ሰጠኝ። የተፈጸመብኝ በደል ይኼ ነው።

«ስጦታ ደግሞ ምን በደል አለው?» የሚል አንባቢ ካለ የሚስት ወንድም የለውም ማለት ነው፤ እግዚአብሔር እንደዚያው ያቆይለት። ሌባ ሲሰርቅህ ትጮሃለህ፣ ጎረቤት ይሰበሰባል፣ ፖሊስም ቀስ ብሎ ይመጣል። ስጦታ ሲሰጥህ ግን የምትዘረፈው «እግዜር ይስጥልኝ» እያልክ ነው። እኔ የተዘረፍኩት ሰላሜንና ስሜን ነው። ለጥቂት ተረፈ እንጂ የልጄም ትዳር አብሮ ሊሄድ ነበር።

ስጦታው ሦስት ጠርሙስ የጣሊያን ወይን ነው። አንዱ አረፋ የሚያወጣ፣ አንዱ ነጭ፣ አንዱ ቀይ። ነጭ ስላችሁ እንደ ወተት እንዳይመስላችሁ፤ መልኩ ሁለተኛ ውኃ የገባበት ሻይ ነው። «ታዲያ ለምን ነጭ ይሉታል?» ብዬ ማርቆስን ብጠይቀው «ስሙ ነዋ!» አለኝ። የሚስቴ ወንድም ማርቆስ ማለት እንዲህ ነው። የማያውቀውን ነገር ስትጠይቀው ባለማወቅህ አንተ ታፍራለህ።

ማርቆስ ሾፌር ነው። ከከተማችን ወጣ ብሎ ግድብ ሲሠራ አንድ ጣሊያናዊ መሐንዲስ በሃላሌ መንገድ ሲያመላልስ ኖረ። ከመሐንዲሱ የተማረው ሦስት ነገር ነው፦ እግር አነባብሮ መቀመጥ፣ ሲወጡ «ቻው» ማለት፣ የእኛን ምግብ በአፍንጫ ማየት። መሐንዲሱ ሥራው አልቆ ወደ አገሩ ሲመለስ እነዚያን ጠርሙሶችና አንድ ካርቶን ብርጭቆ ተወለት። ሰው አገር ሲለቅ ጫማ ይተዋል፣ ፍራሽ ይተዋል። ይኼ ሰውዬ ጣጣ ትቶ ሄደ።

«ፍራንቻኮርታ ይባላል አገሩ» አለኝ ማርቆስ፣ ጠርሙሶቹን ሳሎኔ ጠረጴዛ ላይ እንደ ልጆቹ ደርድሮ። «ሐይቅ አለ፤ ከሐይቁ በላይ ኮረብታ አለ፤ ኮረብታው ላይ ወይን ነው።»

«እኛም ሐይቅ አለን፣ ኮረብታም አለን» አልኩት።

«ወይንስ?»

«እንሰት አለን።»

ሣቀብኝ። እንሰት በልቶ ያደገ ሰው በእንሰት ይሥቃል?

«ይኼ አረፋ የሚያወጣው ሻምፓኝ ነው?» አለች ሚስቴ ዘነበች፣ ወንድሟን ደስ ይበለው ብላ።

«እትዬ! ሻምፓኝ የፈረንሳይ ነው። መሐንዲሱ ይህን ስትይ ቢሰማሽ ከመኪናዬ ይወርድ ነበር። ይኼ እዚያው ጠርሙሱ ውስጥ ሁለተኛ ይፈላል። ከዚያ ጠርሙሱን ዘቅዝቀው በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ያዞሩታል፣ አምቡላው አፉ ላይ እስኪሰበሰብ።»

«በየቀኑ? ሥራ የላቸውም?» አልኩ።

«ሥራቸው እኮ ነው!»

ጠርሙስ ማዞር ሥራ በሆነበት አገር ሥራ አጥ የለም ማለት ነው።

አሁን ስጦታው ወደ በደል የተለወጠበትን መንገድ ላስረዳ። እኔ ሶዶ ከተማ ሥጋ ቤት አለኝ። ልጄ ትዕግሥት ኮሌጅ አብሯት የተማረ ዮናስ የሚባል ልጅ ወደደች፤ ልጁም ወደዳት። ልጁ ጨዋ ነው፣ አንድ እንከን ብቻ አለው። አባቱ አንጁሎ ነው።

አንጁሎ ከሶዶ ወረድ ብላ ባለችው በዴሳ ከብት ነጋዴ ነው። ይህ ከመሆኑ በፊት፣ ዓመት ባልሞላ ጊዜ፣ ከእሱ አንድ በሬ ገዝቼ ነበር። በሬው ሲታይ ተራራ ነው፤ ሆዱ የተወጠረ፣ ጎኑ የሞላ። አርደን ስንሰቅለው ግን ሥጋው ሲያንጠባጥብ ዋለ። ወለሉን ስናደርቅ መሸ። ጨው አብልቶ ውኃ እስኪጠግብ አጠጥቶ እንደሸጠልኝ ገባኝ። ሌላ ሰው ቢሆን ሆዱ ውስጥ ይዞት ይቀር ነበር። እኔ በሚቀጥለው ገበያ በዴሳ ወርጄ፣ ከብትና ሰው በተሰበሰበበት መሐል፣ «አንጁሎ በሬ አይሸጥም፤ ቧንቧ ነው የሚሸጠው!» ብዬ ተናገርኩ። ገበያው ሣቀ። አንጁሎ «ይኼ ሰው ያለ ኃጢአቴ ስሜን አጠፋ» ብሎ ማለ። ከዚያ በኋላ ብዙ ሰው የእሱን በሬ ከመግዛቱ በፊት ሆዱን እንደ ከበሮ እየመታ ያዳምጥበት ጀመር።

እንግዲህ ልጆቹ ከኮሌጁ ሁሉ መርጠው የተያያዙት የእነዚህ ሁለት ሰዎች ልጆች ሆነው ነው። ፍቅር ዕውር ነው ይላሉ፤ የእኔ ልጅ ፍቅር ዕውር ብቻ ሳይሆን ገበያም አይውልም።

ሽማግሌ ገባ። የሽማግሌዎቹ አለቃ ጎረቤቴ አቶ ሞላ ነው። አቶ ሞላ ጴንጤ ነው፣ ከለስላሳ በቀር አይጠጣም። መጠጥ ያለበት ዕርቅ ሁሉ ላይ የሚፈለገውም ለዚሁ ነው፤ በመጨረሻ ማን ምን እንዳለ የሚያስታውስ አንድ ሰው ያስፈልጋል። አቶ ሞላ እንዲህ ብሎ ፈረደ፦ «አንጁሎ ቤትህ ይመጣል። ከአንድ ዕቃ ትጠጣላችሁ። ያኔ የበሬው ነገር ይቀበራል፣ የልጆቹ ነገር ይጸናል። አፍ ለአፍ ካልገጠማችሁ ልጆቹም አይገጥሙም።»

የእኛን ወግ ለማያውቅ ሰው፦ ሁለት ሰዎች ታረቁ የሚባለው ጎን ለጎን ተቀምጠው፣ አንገት ለአንገት ተቃቅፈው፣ ጉንጭ ለጉንጭ ገጥመው፣ ከአንድ ቅል በአንድ ጊዜ ሲጠጡ ነው። ተራ በተራ አይሆንም። አንዱ ሲጠጣ ሌላው የሚጠብቅ ከሆነ ወረፋ ነው እንጂ ዕርቅ አይደለም። ከንፈርህ ከጠላትህ ከንፈር አጠገብ ይሆናል፣ ትንፋሹን ትስባለህ፣ ቁርሱን ታውቃለህ። ከዚያ በኋላ ሰውን መጥላት ከባድ ነው፤ ብትጠላውም በቅርብ አውቀኸው ነው።

ማርቆስ ይህን ሲሰማ ከወንበሩ ዘለለ። «ይህማ በወይን ነው የሚሆነው! ቦርዴ የምትሉትን የእህል መጠጥ በቅል ልታቀርቡ ነው? የመሐንዲሱ ብርጭቆ እያለ?»

እኔ «አይሆንም» ማለት ነበረብኝ። ለምን እንዳላልኩ ሳልሸፍን ልናገር፦ አንጁሎን ላሳየው ፈለግኩ። የበዴሳ ከብት ነጋዴ የጣሊያን ወይን ከየት ያውቃል? ትንሽ ይደንግጥ ብዬ ነው። ሰውን ለማስደንገጥ የተደገሰ ድግስ መጀመሪያ ጌታውን እንደሚያስደነግጥ የነገረኝ አልነበረም።

የመጀመሪያው ጣጣ ማቀዝቀዝ ነበር። አረፋማውና ነጩ ቀዝቅዘው ካልቀረቡ ማርቆስ ራሱን ሊሰቅል ነው። ሥጋ ቤቴ ፍሪጅ የለውም። ሶዶ ላይ ሥጋ ፍሪጅ ውስጥ ያስቀመጠ ሥጋ ሻጭ በማግስቱ ሱቁን ለፀጉር አስተካካይ ያከራያል። ፊት ለፊቴ የሸምሱ ሱቅ አለ። ሸምሱ ቤተሰቦቹ ከስልጤ የመጡ፣ ለስላሳና ዘይት በጅምላ የሚያከፋፍል ሰው ነው፤ ከእኔ ቁመት የሚበልጥ ፍሪጅ አለው። ማርቆስ ጠርሙሶቹን ታቅፎ ገባ፣ እኔ ተከተልኩ።

«ጋሼ» አለኝ ሸምሱ፣ ማርቆስን ትቶ እኔን እያየ፣ «ሥጋ ቤትዎ ቢቃጠል ውኃ ተሸክሜ መጀመሪያ የምደርሰው እኔ ነኝ። ይህን ግን ፍሪጄ ውስጥ አላስገባም።»

«ወይን እኮ ነው! ፍሬ ነው!» አለ ማርቆስ።

«ፍሬ ከሆነ ፍሬውን አምጣልኝ፣ እሱን አቀዘቅዝልሃለሁ።»

ወጣን። ደጃፍ ላይ አማቴን እማማ አበበችን አገኘናት። እማማ አበበች ዕድሜ ልኳን ጠጅ ስትጥል የኖረች ሴት ናት። የሶዶ ሰው ልጁን ሲድር ቀኑን ከቄሱ ጋር ይቆርጣል፣ ጠጁን ከእሷ ጋር። «ለእኔ ስጡኝ» አለች። ጓሮ እንሰቱ ጥላ ሥር እርጥብ አፈር ቆፍራ፣ ከቆጮው ጉድጓድ አጠገብ፣ ጠርሙሶቹን በኮባ ቅጠል ጠቅልላ አጋደመቻቸው። ቀዩን ማርቆስ «እሱ አይቀዘቅዝም» ብሎ መደርደሪያ ላይ አቆመው። አማቴን ደግሞ አቀፋት። «መሐንዲሱም ጓዳዬ ከመሬት በታች ነው ይለኝ ነበር! አየሽ እማዬ፣ አንቺ ጣሊያን ነሽ!» እማማ አበበች ምርቃት ይሁን ስድብ አላወቀችም። «አሜን» አለች፣ ለሁሉም ይሆናል ብላ።

ቀኑ ደረሰ። አንጁሎ ነጭ ጋቢ ለብሶ፣ ሁለት የበዴሳ ሽማግሌዎች አስከትሎ ገባ። አቶ ሞላ መሐል ተቀመጠ። ትዕግሥትና እናቷ ከጓዳው መጋረጃ ኋላ ቆመዋል፤ መጋረጃው ሲተነፍስ አያለሁ። እኔና አንጁሎ «እንዴት ነህ» «እግዜር ይመስገን» ተባባልን፣ ሁለታችንም ወለሉን እያየን። እሱ ወለሌ ደረቅ መሆኑን የሚመረምር መሰለኝ።

ማርቆስ ከረባት አስሮ መጣ። ከጓሮ የመጣውን፣ በእርጥብ ጨርቅ የተጠቀለለውን ጠርሙስ ከፍ አድርጎ ያዘ። «አባቶቼ፣ ይህ መጠጥ ሲከፈት እንደ ጥይት ይጮኻል። ቡሹ ዓይን ያጠፋል። እባካችሁ ፊታችሁን ሸፍኑ።»

አንጁሎ ጋቢውን እስከ አናቱ ጎተተ። የበዴሳዎቹ ሽማግሌዎች ተቃቀፉ። አቶ ሞላ ወንበሩን ይዞ በሩ ኋላ ገባ። እኔ የቤቱ ባለቤት ስለሆንኩ መሸሽ አፍሬ ዓይኔን ብቻ ጨፈንኩ። ዝም። ዝም። ከጋቢው ውስጥ የአንጁሎ ድምፅ፣ «ጮኸ እንዴ?» አለ።

ዓይኔን ገለጥኩ። ማርቆስ ጨርቁን ገልጦ ደርቆ ቆሟል። ጠርሙሱ አፍ ላይ ቡሽ የለም። በቡሹ ፋንታ የተጠቀለለ የኮባ ቅጠል ተወትፎበት በክር ታስሯል።

«እማዬ» አለ፣ ድምፁ ቀጥኖ፣ «ማን ከፈተው?»

እማማ አበበች ከጓዳ ብቅ አለች። «እኔ ነኝ። ማን ይከፍተዋል ሌላ? ውስጡ ይፈላ ነበር እኮ! ገና ያልሰከነ መጠጥ እንግዳ ፊት ይቀርባል? ሆዳቸውን ሊነፋ? ትናንት ጠዋት ፈታሁት፣ ጮኸ፣ አረፋውን ጠረግሁለት፣ ሲያጉረመርም ዋለና አደረ። አሁን እግዜር ይመስገን ዝም ብሏል።»

«ሞቶ ነዋ ዝም ያለው!»

«ልጄ፣ ጠጅ ዝም ሲል ነው የሚናገረው።»

የበዴሳ ሽማግሌዎች ራሳቸውን ነቀነቁ። አንጁሎም ከጋቢው ወጥቶ «እውነቷን ነው፣ የሚፈላ መጠጥ በሽታ ነው» አለ። ማርቆስ የዓመታት ዕውቀቱ በአንድ የኮባ ቅጠል ተወትፎ ሲቀር ግድግዳውን ደግፎ ቆመ። ለካ ጣሊያን አገር አንድ ሰው ያን ጠርሙስ በየቀኑ ሲያዞር የኖረው ለእማማ አበበች ጨርቅ ነበር።

ቢሆንም ማርቆስ ተስፋ አይቆርጥም፤ ችግሩ ይኼ ነው። የአረፋማውን ብርጭቆ አመጣ። ብርጭቆ ብዬ ልጥራው እንጂ ቀጭንና ረጅም፣ እግሩ እንደ ሽመላ፣ አፉ ሁለት ጣት የማያስገባ፣ ከሐኪም ቤት ለምርመራ የወጣ ዕቃ ነው የሚመስለው። ሬሳውን ቀዳበት።

«በዚህ ነው የምንጠጣው?» አለ አንጁሎ።

«በዚህ ነው» አልኩ፣ እኔም አሁን ገና እያየሁት።

እምቢ ይላል ብዬ ጠበቅሁ። ግን አንጁሎ ገጠሬ እንዳይባል ፈራ። እኔም አላውቅም እንዳልባል ፈራሁ። ሁለት የፈሩ ሰዎች አንገት ለአንገት ተቃቀፉ።

የአንጁሎ አፍንጫ ትልቅ ነው፤ የእኔም አያንስም። የእኔ ጢም አለ፣ የእሱ ጢም አለ። ሁሉም በአንድ ጊዜ ወደዚያች ቀዳዳ ሄደ። መጀመሪያ የደረሰው የእሱ አፍንጫ ነው። ብርጭቆውን ስናዘነብል መጠጡ ወደ እኔም ወደ እሱም አፍ አልመጣም፤ በሁለታችን ጉንጭ መካከል መንገድ አግኝቶ በአንገቴ ገብቶ ደረቴ ላይ ተኛ። ቀዝቃዛ ነበር። እማማ አበበች በማቀዝቀዝ በኩል አልተሳሳተችም።

አቶ ሞላ ከበሩ ኋላ ወጥቶ ሸሚዜን አየ። «ሸሚዙ ነው የጠጣው። አይቆጠርም» ብሎ ፈረደ።

ደገምን። ብርጭቆው ጥርሴን መታኝ፤ አንጁሎ አስነጠሰው። አይቆጠርም።

«ወደ ነጩ እንለፍ» አለ ማርቆስ። «የነጩ ብርጭቆ ሰፊ ነው። ከምግብ ጋር ነው የሚሄደው።» ምግቡም መጣ። የአባያ ዓሣ ነው፣ ሙሉ፣ ዓይኑን አፍጥጦ።

አንጁሎ ዓሣውን አየ። ዓሣውም አንጁሎን አየ። «እኔ የገባሁት ሥጋ ሻጭ ቤት አይደለም እንዴ?»

«ነጭ ወይን ከዓሣ ጋር ነው የሚሄደው፣ ጋሼ» አለ ማርቆስ። «ሥጋው ከቀዩ ጋር ይመጣል። ዳጣ ግን አይቀርብም። በርበሬ ወይኑን ይገድለዋል።»

«ጥሬ ሥጋ ያለ ዳጣ? እና እኔን ማን ሊገድለኝ ነው?»

ከበዴሳ ሶዶ ድረስ ሥጋና ዳጣ እያሰበ የመጣ ሰው ነው። እኔ ብሆን ማርቆስን በዓሣው እመታው ነበር። ሆዴ አዘነለት። እንዲያውም «ዳጣውን አምጡ!» ልል አፌን ከፍቼ ነበር። በዚያች ደቂቃ ማርቆስ ነጩን ቀዳና ሁሉንም ነገር አበላሸው።

ከብርጭቆው ሲሶውን ብቻ ነው የቀዳው። ሲሶውን! ለአማች! በዕርቅ ቀን! እኛ ዘንድ ለእንግዳ ሲቀዳ ዕቃው ሞልቶ ይፈሳል፤ መሬቱም ይጠጣል። ጎደሎ የሚሰጠው ቶሎ እንዲሄድ ለሚፈለግ ሰው ነው።

አንጁሎ ብርጭቆውን ከፍ አድርጎ ለሽማግሌዎቹ አሳየ። «ለበረከት በተቀመጥኩበት ጎደሎ ይሰጠኛል?»

«ባዶው ለማሽተቻ ነው የተተወው፣ ጋሼ። መጀመሪያ ይሸተታል» አለ ማርቆስ።

«እኔ ውሻ ነኝ? ጎደሎ ለጎደሎ ሰው ነው የሚቀዳው!»

አሁን ዝም ማለት ነበረብኝ። ሸሚዜ እርጥብ ነበር፣ ጥርሴ ያመኝ ነበር፣ ምላሴ ደግሞ ዕድሜ ልኬን ከእኔ ቀድማ የምትነሣ ናት። «አንተ ሙሉ ነገር የምትወደው በሬ ላይ ብቻ መስሎኝ ነበር» አልኩ፣ «ያውም በውኃ!»

መጋረጃው መተንፈስ አቆመ። አንጁሎ ብርጭቆውን ዓሣው አጠገብ አስቀመጠ፣ ጋቢውን ጫን አደረገ፣ ሽማግሌዎቹን አስነሣ። በሩ ላይ ዞር ብሎ መደርደሪያው ላይ የቆመውን ቀይ ጠርሙስ አየ። «ደህናውን ደብቀው ዓሣ አበሉን» አለ። ሄዱ።

ዘነበች ወጣች። «አንተ ሰው፣ ምላስህንም ከቢላዎቹ ጋር ነው እንዴ የምትስለው?» አለችኝ። ወንድሟን አንድ ቃል አልተናገረችውም። ወንድሟ ዓለም አይቷል።

ትዕግሥት አላለቀሰችም። ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር። እነዚያን ሽመላ ብርጭቆዎች ሰብስባ፣ አጥባ፣ ወደ ካርቶናቸው መለሰች። ከዚያ ፊቴ ቆመች። «አባባ፣ አንተ እውነትህን ተናገርክ፤ እኔም ባሌን አጣሁ። ረካህ?»

እኔ መልስ ሳጣ ሶዶ ላይ ዝናብ ይዘንባል ይባላል፤ ያን ቀን ዘነበ።

ዓሣው እስኪያልቅ ድረስ ሌላ ነገር አልቀረበልኝም። ሥጋ ሻጭ ሆኜ የዓሣ አጥንት ስለቅም ከረምኩ። ዮናስ ስልክ ሲደውል ትዕግሥት ወደ ጓሮ ትወጣለች፤ ስትመለስ ዓይኗን እንሰቱ ላይ አስቀርታ ነው። ትንሽ ቆይቼ አቶ ሞላን ራሴ ሄጄ ለመንኩት። እኔ! ለመንኩ!

አቶ ሞላ በዴሳ ደርሶ ተመለሰ። «አንጁሎ ሦስት ነገር ይፈልጋል» አለኝ። «አንደኛ፣ ስሙን ባጠፋህበት ገበያ ቆመህ በሬው ደኅና በሬ ነበር ትላለህ። ሁለተኛ፣ እዚያው ከአንድ ዕቃ ትጠጣላችሁ፤ መጠጡም ያ የደበቃችሁት ቀዩ ይሁን ብሏል። ሦስተኛ፣ ከዚያ በኋላ ስለ በሬው ዳግመኛ አፍህን አትከፍትም፤ ትምላለህ።»

«በሬውማ ውኃ ነበር!»

«እኔ ስለ በሬው አልጠየቅኩህም። ስለ ልጅህ ነው።»

ማታ ትዕግሥትን ነገርኳት። «ውሸት ተናገር ነው የሚሉኝ» አልኳት። እሷም ቀና ብላ እንኳ ሳታየኝ፣ «አባባ፣ በዕድሜህ አንድ ቀን እውነት ባትናገር ምን ትሆናለህ?» አለች። በማግስቱ አቶ ሞላን «እሺ፣ እወርዳለሁ» አልኩት።

የገበያው ቀን እኔ፣ አቶ ሞላና ማርቆስ በሚኒባስ ወደ በዴሳ ወረድን። ማርቆስ እንዲቀር ለምኜ ነበር፤ «ቀዩን ያለ እኔ ማን ያቀርበዋል?» አለ። ጠርሙሱን በሕፃን ብርድ ልብስ ጠቅልሎ እስከ በዴሳ ታቅፎት ሄደ። «የክፍል ሙቀት ነው የሚፈልገው» ይላል። ከኋላችን የተቀመጠች ሴት አሳዝኗት «ምን ነክቶት ነው ሕፃኑ፣ ድምፁም አይሰማም» ብላ ጠየቀች። «እናቱ የት አለች?» ስትልም ማርቆስ «ጣሊያን» አላት። ሴትዮዋ አፏን ይዛ እስክትወርድ ድረስ ለሕፃኑ ጸለየች።

አንጁሎ በበሬዎቹ መሐል ቆሞ ጠበቀን። ሽማግሌዎቹ፣ ደላሎቹ፣ ሻጭ፣ ገዢ፣ ሁሉም ተሰብስቧል፤ ወሬው ቀድሞን ነበር የደረሰው። ድንጋይ ላይ አወጡኝ። ልጄን አሰብኩ። ከዚያ አፌን ከፈትኩ።

«ያ በሬ...» አልኩ፣ «ከአንጁሎ የገዛሁት... ደኅና በሬ ነበር።»

«አልሰማንም!» አለ አንድ ደላላ። ደላላ ሰምቶም ያስደግማል፤ ሙያው ነው።

«ደኅና በሬ ነበር! ውኃ አልነበረበትም!» ብዬ ጮህኩ።

ይህን ስል አጠገቤ የቆመው የአንጁሎ በሬ ሽንቱን ለቀቀ። እንደ ሌላ በሬ ለቆ አይተውም። ይወርዳል፣ ይወርዳል፣ አቀበት አይቶ ይታጠፋል፣ እንደገና ይወርዳል። ገበያው መጀመሪያ ዝም አለ፤ ከዚያ አንዱ ፈነዳ፣ ሌላው ተከተለ፣ ሴቶቹ ነጠላቸውን አፋቸው ውስጥ ከተቱ። አንጁሎ በሬውን በዱላ ቢነካው ባሰበት። እኔ ግን አልሣቅኩም። ሥላሴ ምስክሬ ናቸው፣ ከንፈሬን ነክሼ ደማሁ እንጂ አልሣቅኩም። አቶ ሞላ «ብሏል። ተቆጥሯል» ብሎ ቶሎ ፈረደ። መሐላውንም እዚያው ድንጋይ ላይ አስማለኝ፦ ስለዚያ በሬ ዳግመኛ አፌን አልከፍትም።

ወይኑ ቀረ። ማርቆስ ብርድ ልብሱን ፈታ፣ ኪሱን ዳሰሰ፣ ሌላውን ኪሱን ዳሰሰ። መክፈቻውን ሶዶ ረስቶታል። «ያለ መክፈቻማ አይሆንም፤ እንመለስ» አለ። ጠርሙሱን ከእጁ ወስጄ በቢላዬ እጀታ ቡሹን ወደ ውስጥ ገፋሁት። ጡብ ብሎ ወደቀ። ማርቆስ የወንድሙን ሞት እንደሰማ ሰው አቃሰተ። ከአንዲት ቦርዴ ሻጭ ትልቅ ቅል ተዋስን። ሴትዮዋ ቅሉን ያጠበችው በመልካም ሐሳብ ነው እንጂ በውኃ አይመስለኝም፤ የቦርዴው ቅሪት ግድግዳው ላይ አለ። አቶ ሞላ ጠርሙሱን ዘቅዝቆ እስከ ጠብታው ቀዳበት፣ ሞልቶ ፈሰሰ፣ መሬቱም ጠጣ።

«ይተንፍስ!» አለ ማርቆስ። «ቀይ ወይን ከመጠጣቱ በፊት መተንፈስ አለበት!»

«እኛም መተንፈስ እንፈልጋለን፤ ይጠጣ» አለ አቶ ሞላ።

ተቃቀፍን። ጉንጩ ጉንጬ ላይ አረፈ፤ እንደ አሸዋ ይሻክራል፣ ቁርሱ ቆጮ ነበር። ቅሉ ሰፊ ነው፣ አፍንጫም ጢምም በነፃነት ገባ። ወይኑ ምላስ ይጨብጣል፤ መጀመሪያ ይቆጣል፣ ቀጥሎ ይሞቃል፣ በመጨረሻ ደግ ይሆናል። እውነቴን ነው፣ ጥሩ ነገር ነበር። ያ የሐይቅ አገር ሰው ሥራ የለውም ያልኩትን አንሥቻለሁ።

ቅሉ ግማሽ ሲደርስ፣ ሁለታችንም ራሳችን እስከ ጆሯችን ውስጥ ሆኖ፣ የአንጁሎ ድምፅ መጣ። ከወይኑ ሥር የመጣ ነው የሚመስለው። ውጪ ያለ ሰው ሊሰማው አይችልም፤ ቅሉ ለእኔ ብቻ አደረሰው።

«ጨው አብልቼው ነበር፣ አማች» አለኝ። «እስኪጠግብ አጠጣሁት። በጣም ደኅና አድርገህ ነው ያወቅከው።»

አነቀኝ። ወይኑ በአፍንጫዬ ወጥቶ የአንጁሎን ነጭ ጋቢ አቀላው። እሱም ቅሉ ውስጥ እንዳለ ሣቀ፤ ሣቁ ጉንጬን አንቀጠቀጠው፣ እኔም ሣቅኩ፣ ሁለታችንም ወይን እየተፋን ተቃቅፈን ተወዛወዝን። ሽማግሌዎቹ «እዩዋቸው፣ ከደስታ ያለቅሳሉ!» ብለው መረቁ። ሴቶቹ እልል አሉ። ማርቆስ ብቻውን ጥግ ቆሞ ባዶውን ጠርሙስ በብርድ ልብሱ መልሶ ጠቀለለው። ለትዕግሥት እዚያው ደወልኩላት። «አባባ፣ ምን አልክ?» አለችኝ። «ደኅና በሬ ነበር አልኩ» አልኳት። ስልኩ ውስጥ ስትሥቅ ሰማኋት፤ ካዘነች ወዲህ የመጀመሪያዋ ነበር።

መሐላዬን አከብራለሁ። ስለዚያ በሬ ለሰው አልተናገርኩም፣ ለሚስቴም ጭምር። አንጁሎ የማያውቀው አንድ ነገር ግን አለ። እኔ ፊደል የቆጠርኩት ጢሜ ከሸበተ በኋላ በጎልማሶች ትምህርት ነው፤ ገበያ ላይ የሚያውቁኝ ሁሉ አሁንም በጣቴ የምፈርም ይመስላቸዋል። ሲያስምሉኝ ስለ አፌ ነው ያስማሉኝ፤ ስለ እጄ የጠየቀኝ የለም። ይህን ሁሉ ስጽፍ አፌ ዝግ ነው። ዘነበችም ምስክሬ ናት፤ ከጓዳ ብቅ ብላ «ምን ነካህ ዛሬ፣ ዝም አልክ?» ብላኛለች።

ጉዳዩ በበዴሳ ከብት ገበያ፣ በሽማግሌ ፊት፣ ለመጨረሻ ጊዜ የተዘጋው ግንቦት ሃያ ሦስት ቀን ነው።